ቅኝ ግዛት የጎረቤት ታሪክ ብቻ አይደለም

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀው የ10ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ አፍሪካ በቅኝ ገዥዎች እጅ ያየችውን በአንድ ምዕራፍ ያስተምራል። ኢትዮጵያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ጣሊያን እስከተባረረበት ጊዜ ያለፈችበት መንገድ ደግሞ በሚቀጥለው ምዕራፍ ይመጣል። ለመጽሐፍ አዘጋጅ አመቺ አከፋፈል ነው፤ በተማሪው አእምሮ የሚያሰፍረው ሐሳብ ግን ያሳስበኛል። ቅኝ ግዛት በሌሎች ላይ የደረሰ መከራ፣ ድል ደግሞ የእኛ ድርሻ ሆኖ ይለያያል። ስለ በርሊን ጉባኤ፣ ስለ ኮንጎና ስለ አልጄሪያ የተማረው ልጅ ገጹን ገልጦ ወደ አገሩ ሲመጣ ከዚያ ሁሉ መከራ ወጥቶ ሌላ ዓለም የገባ ይመስለዋል።

በዚህ መካከል የሚጠፉት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሉት አምስት ዓመታት ናቸው። በብዙ መማሪያ ክፍል በወረራው ተጀምረው በአርበኞች ተጋድሎ ያልፉና በንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ይዘጋሉ። የአርበኞቹ ታሪክ መነገሩ ተገቢ ነው፤ ይነገር፣ እንዲያውም ይብዛ። አርበኞቹ የተዋጉት ሥርዓት ግን ምን ነበር? በምን ሕግ ይገዛ ነበር? ከተማውን እንዴት ከፈለው? ለልጆቻችን ምን ዓይነት ትምህርት አሰበላቸው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ልጁ ነጻነትን እንደ ማዕረግ ስም ይይዘዋል እንጂ ምን እንደተረፈለት አያውቅም። የኢትዮጵያ ልጆች ቅኝ አገዛዝ እንዴት እንደሚሠራ ከገዛ አገራቸውና ከገዛ ሰፈራቸው ታሪክ መማር አለባቸው። የአዲስ አበባው ጉለሌ ደግሞ ይህን ለማስተማር የተመቸ ሰፈር ነው።

የመጨረሻው ዕድል

ነገሩ አጣዳፊ የሆነው በትምህርት አወቃቀራችን ምክንያት ነው። ተማሪው በአንደኛ ደረጃ የአካባቢ ሳይንስ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ይማራል፤ ታሪክን ራሱን ችሎ የሚያገኘው 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው። 11ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስን የመረጠው ከታሪክ ጋር ይለያያል። ስለዚህ ለነገው ሐኪም፣ ለነገው መሐንዲስና ለነገው የከተማ ፕላን ባለሙያ በትምህርት ቤት ያለው የመጨረሻ የታሪክ ዓመት 10ኛ ክፍል ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ታሪክ የጋራ ኮርስ እንዲወስዱ መደረጉ ክፍተቱን ለመሙላት ነበር። ግን እዚያ የሚደርሰው ስንቱ ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለአብዛኛው ወጣት እንግዲህ ስለ አገሩና ስለ ቅኝ ግዛት በመምህር ፊት ተቀምጦ የሚሰማው የመጨረሻ ቃል ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ የወጣ ነው።

ያ ቃል የሚደርሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ነው፣ መምህሩ በአማርኛ ያብራራል፣ ፈተናው እንደገና በእንግሊዝኛ ይመጣል። በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ ዓመተ ምሕረቶችንና ስሞችን ይሸመድዳል። ፈተናው ራሱ ይህን ይጋብዛል። «ከሚከተሉት አገሮች ውስጥ በቅኝ ያልተገዛችው የቷ ናት?» ተብሎ ጋና፣ ኬንያ፣ አልጄሪያና ኢትዮጵያ ከተደረደሩ መልሱን የማያውቅ ልጅ የለም። «ለምን አልተገዛችም? በተያዘችባቸው አምስት ዓመታትስ ምን ተሠራባት?» የሚለው ጥያቄ ግን አራት ምርጫ ስለማይበቃው አይጠየቅም፤ ስለማይጠየቅም አይጠናም።

ከመነን እስከ ስድስት ኪሎ

የጉለሌን ልጅ እስቲ እናስብ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ እቴጌ መነን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለሴት ልጆች ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት ያገኛል። ከአብዮቱ በኋላ ይህ ትምህርት ቤት «የካቲት 12» ተብሎ ብዙ ትውልድ አስተምሯል። ስሙን በየቀኑ እየጠራ የሚያድግ ልጅ በዚያ ቀን ከደጃፉ ጥቂት ወረድ ብሎ ምን እንደተፈጸመ በዝርዝር ሊነገረው ይገባል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። የጣሊያኑ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ በጣሊያን ንጉሥ ቤተሰብ አዲስ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው ቦታ፣ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡን ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ከዚያም ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት በከተማው ተሰማርተው ሰው ገደሉ፣ የሣር ክዳን ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ያደርሰዋል። ዘመኑን ለረጅም ጊዜ ያጠናው እንግሊዛዊው ኢያን ካምፕቤል ወደ 19 ሺህ ገደማ ይገምታል። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ራሱ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ትምህርት ነው፤ ማን ቆጠረ? በምን ማስረጃ? ገዳዩ የራሱን መዝገብ ሲይዝ ምን ይደብቃል? እንዲህ ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ ለሌላውም ታሪክ ዓይኑ ይከፈታል።

እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ ዛሬ የእንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ባለበት ቦታ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱን በበላይነት እንዲመሩ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው ሕንድ ውስጥ አድገው በሕክምና ተመርቀዋል፤ በወረራው ጊዜ ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው አገራቸውን ለማገልገል ተመለሱ። ከየካቲት 12 በኋላ ሁለቱም ተረሸኑ። አባት የዘመናዊ ትምህርትን በር ከፈቱ፤ ቅኝ ገዥው የተማሩትን ልጆቻቸውን ገደለ። በእነዚያ ወራት የተማረው ወጣት ተለይቶ ይፈለግ ነበር፤ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ብዙዎች አለቁ። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ ለትምህርትም ለአስተዳደርም የውጭ አገር ሰው ለምን እንደፈለገች የሚጠይቅ ተማሪ የመልሱን ትልቅ ክፍል እዚህ ያገኛል።

ከጉለሌ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች በክረምቱ ዝናብ አዲስ አበባን ከተለያየ አቅጣጫ አጠቁ። ጥቃቱ ከሸፈ፤ ከአርበኞቹ ጎን የቆሙት አቡነ ጴጥሮስ በማግስቱ ሐምሌ 22 በአደባባይ ተረሸኑ። ሐውልታቸው ለባቡር መንገድ ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስ የነበረውን የሕዝብ ስሜት የምናስታውስ ነን። ሕዝቡ ለመታሰቢያው ይቆረቆራል። መቆርቆሩ ከእውቀት ጋር እንዲጋባ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው።

አገዛዙ እንዴት ይሠራ ነበር?

ጣሊያን ኢትዮጵያን ወርራ ብቻ አልተቀመጠችም፤ ልትገዛት ሥርዓት ዘረጋች። በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ በወጣው አዋጅ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅላ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የሚባል ግዛት አቋቋመች። ግዛቱ በስድስት አስተዳደሮች ተከፈለ። ትግራይ ከኤርትራ ጋር፣ ኦጋዴን ከሶማሊያ ጋር ተጣመረ፤ ጎንደር፣ ጅማና ሐረር የየራሳቸው አስተዳደር መቀመጫ ሆኑ፤ አዲስ አበባ ለብቻዋ ቆመች። የአስተዳደሮቹ ካርታ ከዛሬው ካርታ ጎን ለጎን ተሰቅሎ «ድንበሩን ማን አሰመረው? ለማን ጥቅም?» ተብሎ ቢጠየቅ የመልክዓ ምድር፣ የታሪክና የዜግነት ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገናኛሉ።

ከካርታው በኋላ የዘር ሕጉ መጣ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት ወይም ከኤርትራዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳያስመዘግብ ተከለከለ። ጠላት በጦር ሜዳ ብቻ እንዳልነበረ፣ በጓዳና በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ውስጥም ገብቶ እንደነበር ልጆች ከዚህ ይረዳሉ። ስለ ደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ሲማሩም የሩቅ አገር ጉድ አይመስላቸውም፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በአዲስ አበባ በቆዳ ቀለም የሚከፋፍላቸው ሕግ ተጥሎባቸው ነበርና።

ከተማውም በዚያው ሐሳብ ተነደፈ። ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የሚባሉት የጣሊያን አርክቴክቶች ባዘጋጁት ፕላን የአውሮፓውያን መኖሪያና የአገሬው ሰው መኖሪያ ተለያይቶ ተሰመረ። በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ለነጮች ሲባል ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ የዛሬው መርካቶ ከዚያ ተነሣ። በየቀኑ በታክሲ ከአዲሱ ገበያ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው በዚህ ታሪክ ላይ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሰፈሮች ስለፈረሱ ለማስተማሪያ የሚታየው አካል እየሳሳ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ዓመት የካቲት እዚያው ፒያሳ ተከፍቷል፤ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጎብኘታቸው መልካም ነው። የዓድዋን ድል ያየ ልጅ ግን ከ40 ዓመት በኋላ ተሸናፊው ተመልሶ መጥቶ ምን እንዳደረገም ማየት አለበት።

«ጣሊያን እኮ መንገድ ሠርቶልናል» የሚለው አባባል ዛሬም በየቤቱና በየካፌው ይሰማል። መምህሩ ሊሸሸው አይገባም፤ ለክፍሉ ያቅርበው። መንገዶቹ በእርግጥ ተሠርተዋል፤ የጣርማበር ዋሻ ዛሬም ያገለግላል። ግን ለምን ተሠሩ? አርበኞች የያዙትን አገር ለመቆጣጠር ሠራዊት በፍጥነት መድረስ ነበረበት፤ ለጣሊያን ሠፋሪዎችም አገሩ መከፈት ነበረበት። መንገዱ የታሰበው ለማን እንደነበር ማስረዳት የቻለ ተማሪ ነገ ስለ ማንኛውም ግንባታ «ማን ይጠቀምበታል? ማን ይነቀልበታል?» ብሎ መጠየቅን ለምዷል።

ኤርትራን የዘለለ ትምህርት

በቅኝ የተገዛች አገር ታሪክ ለማስተማር ከኤርትራ የቀረበን የለም። የበርሊን ጉባኤ ገና ሳይበተን፣ በ1877 ዓ.ም. ክረምቱ አልፎ በበጋው፣ ጣሊያን ምጽዋን ያዘች፤ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች። ለ50 ዓመታት ገዛቻት፤ ቀጥሎ እንግሊዝ አስተዳደረቻት፤ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር ሆነች። የዛሬው ፖለቲካ ስለሚነካው ትምህርት ቤቱ ይህን ታሪክ በሩጫ ያልፈዋል። በሩጫ ሲታለፍ ግን ልጆች ከማኅበራዊ ሚዲያ ይማሩታል፤ ያም ትምህርት ቁጣ ጨምሮ ማስረጃ ቀንሶ የሚደርስ ነው።

ከዚያ ታሪክ አንድ ነገር እያንዳንዱ የኢትዮጵያ መምህር ቢያውቀው እመኛለሁ። በቅኝ ግዛቱ የኤርትራውያን ልጆች ትምህርት በ4ኛ ክፍል እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በፋሺስቱ ዘመን የኤርትራ ትምህርት ኃላፊ የነበረው አንድሬያ ፌስታ ለትምህርት ቤቶች በጻፈው መመሪያ አራት ዓመት የተማረ የአገሬው ልጅ ምን ማወቅ እንዳለበት ዘረዘረ። ጣሊያንኛ መጠነኛ ይናገር፤ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች ይወቅ፤ ንጽሕናን ለሌሎች የሚያስተምር ይሁን፤ ከታሪክ ደግሞ ጣሊያንን ታላቅ ያደረጉ ሰዎችን ስም ብቻ ይወቅ። የገዥው የማኅበራዊ ጥናት ትምህርት ይህ ነበር። ከራሱ ታሪክ ምንም፣ ከገዥው ታሪክ ስም ብቻ። የእኛ ልጆች ታሪክን በስምና በዓመተ ምሕረት ሽምደዳ ብቻ ሲያልፉት ባየሁ ቁጥር ይህ መመሪያ ያስጨንቀኛል። የኤርትራው ልጅ ስሞችን ብቻ እንዲያውቅ የተፈረደበት ምክንያቱን እንዳይጠይቅ ነው።

ግን መመሪያው አልተሳካም። ከአካለ ጉዛይ የተነሡት ሎሬንሶ ታእዛዝ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ያሰሙትን ንግግር በማዘጋጀት ረድተዋል። የየካቲት 12ቱ አብርሃና ሞገስም የኤርትራ ልጆች ነበሩ፤ አብርሃ በጣሊያን መሥሪያ ቤት ይሠራ ስለነበር አገዛዙን ከውስጥ ያውቀዋል። በሌላ ወገን ብዙ ኤርትራውያን አስካሪዎች ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ በዓድዋ የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ከኢትዮጵያም ባንዳ የሆነ ነበረ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ያየ ተማሪ ጀግንነትና ባንዳነት ከዘርና ከትውልድ ቦታ ጋር እንደማይወለድ ይማራል። ቅኝ አገዛዝ ወንድምን በወንድሙ ላይ መሣሪያ እንደሚያስነሣም ይማራል። በዚህ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ምን ትምህርት ያስፈልገናል?

የሚነሣው ተቃውሞ

«ይህ የአገርን ክብር ይነካል፤ ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም ማለት ስሕተት አይደለም። አርበኞች በአምስቱ ዓመት ውስጥ ጣሊያን ሰፊውን የገጠር ክፍል ረግታ እንዳትይዝ አድርገዋል። እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣሊያንን ግዛት ቢቀበሉም እንደ ሜክሲኮ ያሉ አገሮች እምቢ ብለዋል፤ በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰየመላትም ለዚህ ነው። እኔ የምለው ግን ይህንኑ ያጠነክራል። ወራሪው ሊተክል የሞከረው ሥርዓት በሙሉ መልኩ ካልተነገረ አርበኞች ያዳኑን ከምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? የዘር ሕጉን፣ የተከፋፈለውን ከተማ፣ አራተኛ ክፍል ላይ የሚቆመውን ትምህርት ያወቀ ልጅ የአርበኞቹን ዋጋ ከፍ አድርጎ ያያል።

ነጻነትም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ አልተጠናቀቀም። እንግሊዞች እስከ 1937ቱ ስምምነት ድረስ በአገሪቱ ጉዳይ ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው፤ ገበያው በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይገበያይ ነበር፤ ኦጋዴንም ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ጋናን ወይም ኬንያን ነጻነት ካገኙ በኋላ የገጠማቸው ችግር በዚህ ታሪክ በኩል ለልጆቻችን ቅርብ ይሆንላቸዋል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ መጻሕፍትን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ያዘጋጃሉ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ የፌዴራሉን መጽሐፍ መከለስ ሳይጠብቅ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ አምስቱን ዓመታት የከተማዋ ታሪክ አድርጎ ማስገባት ይችላል። ካርታው፣ ሕጉ፣ ፕላኑ፣ በፋሺስቶቹ የታሰሩት ኢትዮጵያውያን ጉዞ ወደ ሶማሊያው ደናኔና ወደ ዳህላክ ደሴቱ ኖኩራ፣ ሁሉም በአንድ ምዕራፍ ይገባሉ። ከጉለሌ ትምህርት ቤቶች እስከ ስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት የሚደረግ የክፍል ጉዞ በጀት አይፈልግም፤ በእግር የሚደረስ ነው።

የፈተና አዘጋጆችም ድርሻ አላቸው። ስሞችን የሚጠይቅ ፈተና እስካለ ድረስ ስሞችን የሚሸመድድ ተማሪ ይኖራል። በክፍል ምዘና እንኳ አንድ ጥያቄ በማስረጃ ተደግፎ በአንቀጽ እንዲመለስ ቢደረግ፣ ቋንቋውም ቢያንስ እስከ 8ኛ ክፍል ልጁ በደንብ በሚያስብበት ቋንቋ ቢሆን፣ ለውጡ ፈጥኖ ይታያል።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። በ1929 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ወደ መቶ ይጠጋል። በጉለሌ፣ በአራዳ፣ በየካ፣ በየቤቱ የእነዚያን ቀናት ወሬ ከወላጆቻቸው በቀጥታ የሰሙ እናቶችና አባቶች ግን አሁንም አሉ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው «እቤት ሄዳችሁ አያቶቻችሁ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጠይቃችሁ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ዘንድሮውኑ መስጠት ይችላሉ። ደብተሮቹ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ፤ ጥቂት ዓመት ካለፈ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።